የዓሣ ቆዳ በቃጠሎ ቁስል ላይ

9.7 ቀን እና 10.2 ቀን። ብራዚል ውስጥ በፎርታሌዛ ከተማ መለስተኛ ቃጠሎ የደረሰባቸው 115 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ቁስል በቲላፒያ ዓሣ ቆዳ ተሸፈነ፤ ሁለተኛው ቡድን ሲልቨር ሰልፋዳያዚን በተባለው የተለመደ የቃጠሎ ቅባት ታከመ። ቁስሉ አዲስ ቆዳ እስኪያወጣ የፈጀው አማካይ ጊዜ ከላይ የተጻፈው ነው፤ አነስተኛው ቁጥር የዓሣ ቆዳው ነው። ልዩነቱ ግማሽ ቀን ብቻ።

«ተአምረኛው የዓሣ ቆዳ» እያሉ ፎቶ ለሚያጋሩ ሰዎች ይህ ሳያሳፍር አይቀርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ይኸው ጥናት ሌላም ቁጥር አለው። በዓሣ ቆዳ የታከሙት ሰዎች ፋሻ የተቀየረላቸው በአማካይ ከ2 ጊዜ ባነሰ ነው። ቅባቱን የተቀቡት ግን ወደ 5 ጊዜ ገደማ ተፈትተው ታስረዋል። የሕክምናው ወጪም በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የቃጠሎ ክፍል ውስጥ የሠራ ወይም የተኛ ሰው ከእነዚህ ቁጥሮች የትኛው እንደሚበልጥበት አይጠፋውም።

ፋሻ መቀየር ለጤነኛ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ነርሷ ትሪዋን ይዛ ብቅ ስትል ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ገና ሳትነካቸው ለቅሶ ይጀምራሉ። የትናንቱ ጎዝ ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ርሶ፣ መልሶ ደርቆ፣ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። በጨው ውሃ እየራሰ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል፤ ያም ሆኖ ሌሊቱን የበቀለችውን ስስ ቆዳ ይዟት የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ የቀድሞው ቅባት ታጥቦ ይወገዳል፣ አዲስ ይቀባል፣ አዲስ ጎዝ ይደረጋል፣ ፋሻው ይጠቀለላል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደገና። ማስታገሻ ቢሰጥም ሕመሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለዚህ ነው በቃጠሎ ሕክምና ላይ የሚደረግ ምርምር አንዱ ትልቅ ጥያቄ «ቁስሉን በምን እናድነው?» ሳይሆን «ቁስሉን ምን ብንሸፍነው ነው ደጋግመን የማንነካው?» የሚለው የሆነው። መልስ ፍለጋው ደግሞ ተመራማሪዎችን ወደ ሐይቅና ወደ ባሕር፣ በተለይም ከሐይቅና ከባሕር ወጥቶ ወደሚጣለው ተረፈ ምርት ወስዷቸዋል።

ቁስሉ ለምን መሸፈን አለበት?

ቆዳችን ሁለት ዋና ንብርብር አለው። ላይኛው ስስ፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ በየጊዜው ራሱን የሚተካ ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ክፍል ኮላጅን ከሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር የተጎነጎነ ሲሆን የደም ሥሩም፣ ነርቩም፣ የፀጉርና የላብ ዕጢ ሥሩም ያለው እዚያ ነው። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ላይኛውን ብቻ ከነካ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ በጥቂት ቀናት ይተዋል። ወደ ታችኛው ዘልቆ ከገባ ውሃ ይቋጥራል፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱንም ንብርብር አልፎ ከሄደ ቦታው ይነጣል ወይም ጠቁሮ እንደ ደረቅ ቆዳ ይጠነክራል፣ ነርቮቹም ስለሚቃጠሉ መሐሉ ላይ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ሰዎች «አያመውም፣ ደህና ነው» ብለው የሚዘናጉት አንዳንዴ በዚህኛው፣ በከፋው ላይ ነው።

ጥልቀት የሌለው ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ በጣም ያማል፤ ሆኖም ራሱን የማዳን አቅም አለው። በፀጉር ሥርና በላብ ዕጢ ዙሪያ የተረፉት ሕዋሳት እየተባዙ ይወጡና እየተያያዙ አዲስ ሽፋን ይሠራሉ። የሐኪሙ ሥራ እነዚህ ሕዋሳት ሳይደርቁ፣ ሳይመረዙና ሳይፈነቀሉ ሥራቸውን እንዲጨርሱ ጊዜ መስጠት ነው። የተራቆተ ቁስል የሰውነትን ፈሳሽ ያፈሳል፣ ሙቀት ያስወጣል፣ ጀርምም ያስገባል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ገደማ ሰዎች በቃጠሎ ሳቢያ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ጥሩ ሽፋን ማለት ለጊዜው የቆዳን ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። ሀብታም አገሮች ለዚህ ከሟቾች በፈቃድ የተወሰደ የሰው ቆዳ በባንክ ያስቀምጣሉ፤ የአሳማ ቆዳም አዘጋጅተው ይጠቀማሉ። ሁለቱም ይሠራሉ። የሰው ቆዳ ባንክ ግን ለጋሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የደም ምርመራና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። አሳማን በተመለከተ ደግሞ የኛን አገር ታካሚ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ማሳመን ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያስፈልግም።

ከፎርታሌዛ የወጣው ሐሳብ

ብራዚል ሰፊ አገር ብትሆንም ያሏት የቆዳ ባንኮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በሴአራ ግዛት ግን ሌላ ነገር ሞልቷል፦ በኩሬና በግድብ የሚረባ ቲላፒያ። ሥጋው ይሸጣል፣ ቆዳው በአብዛኛው ይጣላል። በ2010ዎቹ አጋማሽ ኤድማር ማሲየል የተባሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እና የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ምርምር ማዕከሉ ኦዶሪኮ ደ ሞራይስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን የሚጣል ቆዳ መመርመር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቁስ ጥያቄ ነበር። ቆዳው ሲሳብ ይበጠሳል ወይስ ይለጠጣል? ምን ያህል ኮላጅን አለው? እርጥበት ይይዛል? መልሱ አበረታች ሆነ። የቲላፒያ ቆዳ የሰው ቆዳ በተሠራበት የኮላጅን ዓይነት የበለጸገ ነው፣ ሲሳብ ጠንካራ ነው፣ ከቁስል ጋርም በደንብ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ ከዓሣ የመጣን ነገር እንዴት አድርጎ ነው የተቃጠለ ሰው ላይ የሚያስቀምጡት? የዓሣ ቆዳ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ስለዚህ ቆዳው ይታጠባል፣ የቀረው ሥጋ ይፋቃል፣ በልክ ይቆረጣል፣ ለቀዶ ሕክምና እጅ መታጠቢያነት በሚያገለግለው ክሎርሄክሲዲን ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ግሊሰሪን ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ በቀጠነው፣ ከዚያ በወፈረው፣ በመጨረሻ በንጹሕ ግሊሰሪን ውስጥ። ግሊሰሪኑ ከቆዳው ውስጥ ውሃውን መጥጦ ያወጣል፤ ውሃ በሌለበት ጀርም አይራባም፣ ቆዳው ግን እንደ ቋንጣ ሳይደርቅ እንደለሰለሰ ይቆያል። ከታሸገ በኋላ በጋማ ጨረር ይመታል። እንዲህ የተዘጋጀው ቆዳ በተራ ማቀዝቀዣ እስከ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ የዓሣ ሽታውም ይጠፋል።

አጠቃቀሙ ከአዘገጃጀቱ ይቀላል። ቁስሉ ማስታገሻ ተሰጥቶ አንድ ጊዜ በደንብ ይጸዳል፣ የሞተው ቆዳ ይነሳል። የዓሣ ቆዳው በጨው ውሃ ታጥቦ ግሊሰሪኑ ከወጣለት በኋላ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ እንዲያልፍ ተደርጎ ይነጠፍና ጎዝና ፋሻ ይደረግበታል። በደንብ ከተጣበቀ አይነካም። ከሥሩ አዲሱ ቆዳ ሲበቅል ከላይ ያለው የዓሣ ቆዳ እየደረቀ፣ እየጠነከረና ከጠርዙ እየተነሳ ይሄዳል፤ በአሥር ቀን አካባቢ ይላጣል። የሰውነት ክፍል ሆኖ አይቀርም። በብዙ ወሬ ውስጥ የሚሳሳተው ይህ ነው፦ ሰዎቹ «የዓሣ ቆዳ ተተከለላቸው» ይባላል፤ እውነታው ግን የተለጠፈው ፋሻ ነው። ሦስተኛ ደረጃ የሆነ ጥልቅ ቃጠሎ ዛሬም የሚፈልገው ከራሱ ከታካሚው ጭን ወይም ጀርባ ተገፎ የሚተከል ቆዳ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ነው ተግባራዊ ምርምር የሚባለውን አድካሚ የሚያደርገው። መጀመሪያ በአይጥ ላይ መሞከር፣ ከዚያ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ለጥፎ አለርጂ ይቀሰቅስ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ በጥቂት ታካሚዎች፣ ከዚያም በብዙዎች፣ ሁልጊዜም ከተለመደው ሕክምና ጋር ጎን ለጎን እያስተያዩ። ለምን በዕጣ ይከፈላሉ ቢባል፣ ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳያውቀው ቀለል ያለ ቁስል ያለባቸውን ለአዲሱ ሕክምና ሊመድብ ይችላል። ያን ጊዜ ውጤቱ የቆዳው ይሁን የምርጫው አይታወቅም። ከፎቶና ከምስክርነት ይልቅ የ115ቱ ሰዎች ሠንጠረዥ የሚታመነው ለዚህ ነው፤ ግማሽ ቀን ያህል አሰልቺ የሆነ ውጤት ሳይደብቅ ማውጣቱም ተአማኒነቱን ይጨምርለታል ባይ ነኝ።

በመሐል አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተነሳው ታላቅ ሰደድ እሳት መዳፋቸው የተቃጠለ ሁለት ድቦችና አንድ ግልገል የተራራ አንበሳ ተገኙ። የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም ጄሚ ፔይተን የፎርታሌዛን ሥራ ሰምታ ነበርና መዳፋቸው ላይ የቲላፒያ ቆዳ ሰፋች። ድብ ፋሻ ሲታሰርለት የሚበላ እንስሳ ነው፤ ተራ ፋሻ ከዋጠ ደግሞ አንጀቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀለለው በሩዝ ወረቀትና በበቆሎ ሽፋን ነበር፣ ቢበላም የማይጎዳው። ድቦቹ በሚቀጥለው ወር ወደ ጫካቸው ተመለሱ።

ይህ ዓሣ የኛም ነው

ፎርታሌዛ የተሞከረው የናይል ቲላፒያ ነው። እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ የሚሰገረው ዓሣ። ብራዚል የገባው በ1971 ከአፍሪካ ተወስዶ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው የቆዳውን መጨረሻ አይቷል። ጎረምሶቹ በስለታም ቢላ ከራሱ ሥር ሰንጥቀው፣ ቆዳውን በአንድ መንጭቂያ ገፈው፣ ነጩን ሥጋ ለደንበኛ ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ። ቆዳና አጥንቱ ወደ ጎን ይወረወራል፤ ሰው የማይፈሩት አባ ኮዳዎች ተሻምተው ይውጡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከሐይቅ ዳር የተገፈፈ ጥሬ የዓሣ ቆዳ ቤት ወስዶ ቃጠሎ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። የቲላፒያን ቆዳ መድኃኒት ያደረገው ዓሣነቱ ሳይሆን ክሎርሄክሲዲኑ፣ ግሊሰሪኑና ጨረሩ ነው። ያለ እነርሱ ቆዳው በተራቆተ ሥጋ ላይ የተቀመጠ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው።

ታዲያ እኛስ ማዘጋጀት አንችልም? ዓሣው አለ፣ ግሊሰሪንና ክሎርሄክሲዲንም ብርቅ አይደሉም። የሚከብደው ጨረሩና ቁጥጥሩ ነው። በእርግጥ ኢትዮጵያ ለጋማ ጨረር እንግዳ አይደለችም፤ ቃሊቲ ላይ የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዱን በጨረር እያመከኑ የሚለቁበት ማዕከል አለ። ሆኖም ዝንብ ለማምከን የሚበቃው መጠን 120 ግሬይ ገደማ ሲሆን የሕክምና ዕቃን ከጀርም ነጻ ለማድረግ በተለምዶ የሚሰጠው 25,000 ግሬይ ነው፤ ሁለት መቶ እጥፍ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥቅል ናሙና እየወሰደ ጀርም አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ላቦራቶሪ፣ እንዲሁም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የቃጠሎ ክፍልና አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ከአቅም በላይ የሆኑ አይመስሉኝም። ፎርታሌዛም የተጀመረው በጥቂት ሰዎች ትብብር ነው።

ከቀዝቃዛው ባሕር የመጣው ሌላው ቆዳ

በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በአይስላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ኢሳፍዮርዱር በምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ የተለየ መንገድ ይዟል። ጉድሙንዱር ፈርትራም ሲጉርዮንሰን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ኬሬሲስ የተባለ ኩባንያ የሚጠቀመው ኮድ የሚባለውን የአትላንቲክ ዓሣ ቆዳ ነው። ከቆዳው ውስጥ የዓሣው ሕዋሳት ታጥበው ይወጣሉ፤ የሚቀረው የኮላጅን መረብ እንዲሁም ውስጡ ያለው ኦሜጋ ሦስት የተባለው ስብ ነው። ይህ በበረዶ ይደርቅና ይታሸጋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፎርታሌዛው ቆዳ ሥራውን ጨርሶ ይላጣል፤ የአይስላንዱ ግን ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። የታካሚው ሕዋሳትና ደም ሥሮች ወደ መረቡ ቀዳዳዎች እየገቡ ይሰፍሩበታል፣ ቀስ በቀስም መረቡን በራሳቸው ሕብረ ሕዋስ ይተኩታል። ቤት ሠሪ ግንቡ እስኪቆም የሚያስረው የእንጨት መወጣጫ ዓይነት ነው፤ ብቻ ይኼኛውን ማንም አያፈርሰውም፣ ሰውነት ራሱ ይበላዋል።

ለምን ዓሣ? የአሳማ ወይም የሰው ቆዳ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሲዘጋጅ ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ቫይረስ እንዳይኖር በጠንካራ ኬሚካል መታጠብ አለበት፤ በዚያ እጥበት ስቡም የመረቡ ስስ አሠራርም ይጎዳል። ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ወደ ሰው የሚሻገር የታወቀ የቫይረስ ሥጋት ስለሌለ ግን ለስለስ ባለ እጥበት ማለፍ ይቻላል፣ መረቡም ከነተፈጥሮው ይቀራል።

የባሕር ቁስ አጥኚዎችን ብዙ ያደከመው ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ ኮላጅኑ የተሠራው ለሚኖርበት ውሃ ነው። ከኮድ ቆዳ ተነጥሎ ወጥቶ የተሟሟ ኮላጅን በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መዋቅሩ ይፈታል፤ ሞቃት ውሃ የለመደው የቲላፒያ ኮላጅን ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይዘልቃል። የሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ከኮድ ኮላጅን አውጥቶ ቅባት ወይም ስፖንጅ ሠርቶ ቁስል ላይ ማድረግ ሲያስቡት ቀላል፣ ሲሠሩት ግን የሚቀልጥ ሐሳብ ነው። ቆዳው እንዳለ ሲሆን ክሮቹ እርስ በርስ ተሳስረው ስለሚደጋገፉ ሙቀቱን የበለጠ ይቋቋማሉ።

የኬሬሲስ ምርት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። በ2024 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ከቃጠሎ ይልቅ የኛን ሕዝብ በቅርብ በሚነካ ሕመም ላይ ሞከረው፣ በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ። ጥልቅ ቁስል ካለባቸው ሰዎች የዓሣ ቆዳው ከተደረገላቸው 44 በመቶዎቹ በ16 ሳምንት ውስጥ ድነዋል፤ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት የዳኑት 26 በመቶ ነበሩ። የስኳር ቁስል ያለበትን ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያልዳነ ቁስል ብዙ ጊዜ መጨረሻው እግር መቆረጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓሣ ቆዳም በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳልዳኑ ግን ልብ ይሏል። የደም ስኳር መቆጣጠር፣ እግሩ ላይ ክብደት እንዳያርፍ ማድረግ፣ የሞተውን ሥጋ በየጊዜው ማንሳት ሳይኖር የትኛውም ቆዳ ብቻውን አይሠራም።

ኮሎፕላስት የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ኬሬሲስን በ2023 ሲገዛ የተስማሙበት ዋጋ እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ሊጣል የነበረ የዓሣ ቆዳ! ግን ዋጋው የሚተመነው በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ይህም ማለት ትልቅ ቁስል ያለበትና ኪሱ ባዶ የሆነ ታካሚ አይደርስበትም። የፎርታሌዛው ርካሽ መንገድና የኢሳፍዮርዱሩ ውድ መንገድ እንግዲህ የሚያገለግሉት ሕዝብም የተለየ ነው።

ሽሪምፕ፣ የባሕር አረምና ኮራል

ከባሕር ወደ ሕክምና የገባው ዓሣ ብቻ አይደለም። የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት ካይቲን ከሚባል ቁስ የተሠራ ነው። ቅርፊቱ ሳሙና ሠሪዎች በሚያውቁት በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ካይቶሳን የሚባል ነገር ይወጣል። ካይቶሳን አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ የቀይ ደም ሕዋስ ገጽ ደግሞ አሉታዊ ነው። ደም በሚፈስበት ቁስል ላይ ሲጫን ሕዋሳቱን ስቦ አንድ ላይ ያጣብቃቸውና እንደ ውታፍ ይሆናል። ጥቅሙ ደሙ ራሱ የመርጋት ችግር ቢኖርበትም፣ ለምሳሌ ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢወስድ እንኳ፣ መሥራቱ ነው። ሔምኮን የተባለው የካይቶሳን ፋሻ በ2002 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በቶሎ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፤ ከደረሰ ጉዳት በኋላ ሊተርፍ ሲችል የሚሞተው ወታደር በብዛት የሚሞተው ደም ፈስሶት ነውና። ሽሪምፕ ሲበሉ አለርጂ የሚነሳባቸው ሰዎች ይሠጋሉ፤ አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ግን የሥጋው ፕሮቲን እንጂ ቅርፊቱ አይደለም። ቢሆንም ለሐኪም መናገሩ አይጎዳም።

ቡናማው የባሕር አረም የሰጠው አልጂኔት ነው፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ በ1880ዎቹ ያገኘው። በካልሲየም ተዘጋጅቶ እንደ ጥጥ የተባዘተው አልጂኔት ብዙ ፈሳሽ የሚያመነጭ ቁስል ላይ ሲደረግ ካልሲየሙን ሰጥቶ ከቁስሉ ፈሳሽ ሶዲየም ይወስዳል፣ በዚያውም ወደ ለስላሳ ጄል ይለወጣል። ጄል አይጣበቅምና ሲነሳ አይላጥም፤ ደረቅ ቁስል ላይ ግን አይረባም። ጥርስ ሐኪም ቤት ገብቶ አፉን በቀዝቃዛ ሊጥ ያስለካ ሰው ከአልጂኔት ጋር ተዋውቋል።

ኮራል አጥንት ለመጠገን ይውላል፤ ቀዳዳዎቹ ከስፖንጅ መሰሉ የአጥንታችን ክፍል ጋር ስለሚቀራረቡ አጥንት ገብቶ ይበቅልበታል። ካርቲሂል የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ከኮራል ዓይነቱ ቁስ የሠራው የጉልበት መጠገኛ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። ኮራል በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ የሚደረግለት ስለሆነ እንደ ዓሣ ቆዳ «ተረፈ ምርት ነው» ብሎ ማፈስ አይቻልም። በማዕበል ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀውን፣ መስል የተባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ማጣበቂያ የሚያጠኑት ደግሞ እርጥብ ሥጋን ያለ ክር የሚሰፋ ሙጫ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ አብዛኛው ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም።

ቃጠሎ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረገው

የካቲት 12 ሆስፒታልን በመሰሉ የቃጠሎ ሕክምና ባለባቸው ቦታዎች የሚሠሩ ሰዎች በየጊዜው የሚያጋጥማቸው፣ የትኛውም አዲስ ሽፋን የማይመልሰው ነገር አለ፤ ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ የተደረገለት። ጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ አንዳንዴም ጭቃ። እነዚህ ሙቀቱን ውስጥ ይዘው ያቆያሉ፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍኑበታል። እነርሱን ለማንሳት የሚደረገው ፍቅፈቃ ደግሞ ሌላ ስቃይ ነው።

የሚሠራው የቧንቧ ውሃ ነው። በረዶ አይደለም፣ የሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ሰው ከሚገምተው በላይ ይረዝማል፤ ሰዓት ማየት ይጠቅማል። ቃጠሎው በደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተደረገ ዘግይቶም ቢሆን ይረዳል። ሕፃን ከሆነ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈናል። ቀለበት፣ አምባርና ያልተጣበቀ ልብስ እብጠት ሳይጀምር ይወልቃል፤ የተጣበቀው አይጎተትም። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። ከዚያ በንጹሕ የታጠበ ጨርቅ ወይም ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ሳይጠብቅ ይሸፈናል። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መጋጠሚያ የነካ፣ ከታካሚው መዳፍ የሰፋ፣ የነጣ ወይም የጠቆረ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የደረሰ ቃጠሎ፣ እንዲሁም የሕፃንና የአረጋዊ ቃጠሎ ሁሉ ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ሲታከም የሚጥል በሽታው መድኃኒትም አብሮ ይጠየቅ፤ አለዚያ ያው ምድጃ ይጠብቀዋል።